«ወለዱ ይውረድ፣ ዋጋው ይርከስ» እያሉ መጠበቅ፦ ስለ ቤት ግዢ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የተጻፉት ቤት የመግዛት ፍላጎቱ፣ አንዳንዶቹም አቅሙ እያላቸው «ትንሽ እንቆይ» ሲሉ ዓመታት ካለፉባቸው አንባቢያን ነው። ሁሉም በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖሩ ናቸው። ከመካከላቸው አራቱን መርጠን እንመልሳለን። የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ተከራይተን እንኖራለን፤ ሁለት ልጆች አሉን። በ2021 ከባንክ የብድር ቅድመ ፈቃድ አግኝተን ቤት ስንፈልግ ነበር። ያኔ ወለዱ 3 በመቶ አካባቢ ነበር፤ ሆኖም ዋጋ ባቀረብንባቸው ቤቶች ሁሉ ሌሎች ሰዎች ከተጠየቀው በላይ እየጨመሩ ስለወሰዱብን፣ «ይህ ግርግር ይለፍ» ብለን ተውነው። ከዚያ ወለዱ ወጣ፤ ዋጋው ግን አልወረደም። አሁን እኔ እንግዛ እላለሁ፤ ባለቤቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች፣ ወለዱ ቢያንስ 5 በመቶ እስኪገባ እንጠብቅ ትላለች። የሁለታችንም ሥራ የተረጋጋ ነው፤ ልጆቻችን እዚህ ስለሚማሩ ከአካባቢው የመልቀቅ ሐሳብ የለንም። ትክክል ማንኛችን ነን?

መልስ፦ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት፣ ሁለታችሁም የምታስታውሱትን የ2021 ዓመት ሙሉ መልኩን ማየት ይገባል። የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ፍሬዲ ማክ በየሳምንቱ በሚያወጣው አማካይ መሠረት፣ የ30 ዓመት ቋሚ ብድር ወለድ በጃንዋሪ 2021 ወደ 2.65 በመቶ ወርዶ ነበር። መዝገቡ ከተጀመረበት ከ1971 ወዲህ ከዚያ ያነሰ ታይቶ አያውቅም። ብዙ ወገኖቻችን ግን ይህን ቁጥር እንደ ትክክለኛው የብድር ዋጋ ይዘውት፣ ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ ጊዜያዊ መዛባት አድርገው ያዩታል። በኦክቶበር 1981 አማካዩ ከ18 በመቶ አልፎ ነበር፤ ከ1971 ወዲህ ያለው የረጅም ጊዜ አማካይም ከ7 በመቶ በላይ ነው። መደበኛ ያልነበረው 2.65 በመቶው ነው። ያ ወለድ የመጣው ኮሮና ኢኮኖሚውን ባናጋበት፣ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ፌደራል ሪዘርቭ የራሱን ወለድ ወደ ዜሮ አስጠግቶ በየወሩ ቢያንስ 40 ቢሊዮን ዶላር በሚያወጣ የቤት ብድር ቦንድ ግዢ ገበያውን ይደግፍ በነበረበት ጊዜ ነው። 3 በመቶ እንዲመለስ የሚጠብቅ ሰው፣ ሳያስበው ያንን የመሰለ ቀውስ እንዲመለስ ይጠብቃል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ቀውስ ሲመጣም ወለዱን ብቻ አውርዶ የእኛን ሥራ ሳይነካ እንደሚያልፍ ማንም ዋስትና ሊሰጠን አይችልም።

ሁለተኛው ነገር እናንተው ራሳችሁ የደረሰባችሁ ነው። በ2021 ቤት ያሳጣችሁ ያው ዝቅተኛ ወለድ ነበር። ገንዘብ በርካሽ ሲገኝ፣ ለእናንተ የረከሰው ለሁሉም ይረክሳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ለአንድ ታውንሃውስ ብዙ ገዢ ይሰለፋል። ያን ጊዜ ተሸናፊ ላለመሆን የቤቱን ምርመራ ሳያስደርጉ፣ የባንኩ ገማች ከሚያወጣው ዋጋ በላይ ያለውንም ልዩነት ከኪሳቸው እንደሚከፍሉ ቃል ገብተው የገዙ ብዙዎች ነበሩ። ዝቅተኛ ወለድና ተረጋግቶ የመግዛት ዕድል በአንድ ወቅት አብረው የሚመጡት አልፎ አልፎ ብቻ ነው። የባለቤትዎ ዕቅድ የተመሠረተው ሁለቱ አብረው እንደሚመጡ በማሰብ ላይ በመሆኑ፣ ድክመቱ እዚህ ላይ ነው።

ወለዱ ሲወጣ ዋጋው መውረድ ነበረበት ብለው የገመቱ ሰዎች ግምታቸው ከስሕተት የመነጨ አልነበረም፤ የተለመደው የኢኮኖሚ አስተሳሰብም ይህንኑ ይላል። ሆኖም በኦክቶበር 2023 አማካዩ 7.79 በመቶ ሲደርስ፣ ቀድሞ በ3 በመቶ የተበደሩት ባለቤቶች ቤታቸውን ሸጠው በ7 በመቶ አዲስ ብድር መግባት አልፈለጉም። ገዢው ሲቀንስ ሻጩም አብሮ ቀነሰ። በመላ አሜሪካ የተሸጡት ነባር ቤቶች በ2023ም በ2024ም በዓመት ወደ 4.1 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከ1995 ወዲህ ዝቅተኛው ነው። በተቃራኒው የቤቶቹ መካከለኛ ዋጋ በ2024 ከ400,000 ዶላር በላይ ሆኖ አዲስ ክብረ ወሰን ያዘ። ገበያውን በሙያቸው የሚከታተሉ ሰዎች እንኳ አስቀድመው በትክክል ያላዩትን፣ ከሥራ መልስ በስልኩ የቤት ማስታወቂያ የሚያይ የቤተሰብ አባት አስልቶ ይደርስበታል ብሎ መጠበቅ ከባድ ፍርድ ነው።

እስቲ የባለቤትዎን ሐሳብ፣ ወለዱ በአንድ ነጥብ ቢወርድ ብለን በቁጥር እንፈትሸው። ቤቱ 450,000 ዶላር ነው፤ 50,000 ከፍላችሁ 400,000 ትበደራላችሁ እንበል። በ7 በመቶ ወለድ፣ የዋናውና የወለዱ ወርኃዊ ክፍያ 2,661 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ በ6 በመቶ 2,398 ዶላር። ልዩነቱ በወር 263 ዶላር ነውና ቀላል አይደለም፤ ባለቤትዎ ይህን ማየታቸው ትክክል ነው። ነገር ግን እስከዚያ የቤቱ ዋጋ በ10 በመቶ ጨምሮ 495,000 ዶላር ቢደርስ፣ በዚያው 50,000 ቅድመ ክፍያ 445,000 መበደር ስለሚኖርባችሁ፣ በ6 በመቶም ቢሆን ወርኃዊው 2,668 ይሆናል። በመጠበቅ የተገኘው ጥቅም እዚያው ያልቃል፤ ዕዳው ግን በ45,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ዋጋው በ5 በመቶ ብቻ ቢጨምር፣ የጠበቀው ሰው በወርኃዊ ክፍያ 128 ዶላር ገደማ ይጠቀማል። ስለዚህ መጠበቅ ሁልጊዜ ያከስራል አንልም። የምንለው፣ ውጤቱ የሚወሰነው ወለዱና ዋጋው በሚሄዱበት አቅጣጫ በመሆኑና ሁለቱንም አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል፣ የቤተሰብን ዕቅድ በዚህ ላይ ማቆም አይገባም ነው።

በዚያው ልክ፣ የቤት ሽያጭ ወኪሎች ደጋግመው የሚሉትን «ኪራይ ገንዘብ መጣል ነው» የሚለውን አባባልም እንዳለ እንዳትቀበሉት እንመክራለን። በ400,000 ዶላር ብድር በ7 በመቶ ወለድ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከምትከፍሉት 31,900 ዶላር ገደማ ውስጥ ዕዳውን የሚቀንሰው 4,060 ያህሉ ብቻ ነው፤ ቀሪው ወለድ ነው። በዚያ ላይ የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ የሰፈሩ ማኅበር ክፍያና ጥገና አለ። ሲገዙ የውል ማጠናቀቂያ ወጪ፣ ሲሸጡ ደግሞ የወኪል ኮሚሽን አለ። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ የሚለቅ ሰው በኪራይ መቆየቱ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። እናንተ ግን ልጆቻችሁ እዚሁ የሚያድጉ በመሆኑ፣ የጊዜው ርዝመት ለእናንተ ይሠራል።

የዋጋ መውደቅ ፍርሃትም መሠረት አለው። ከ2006 እስከ 2012 መጀመሪያ ባለው ጊዜ በኬዝ ሺለር መለኪያ የአገሪቱ የቤት ዋጋ በ27 በመቶ ያህል ወርዷል፤ በሜሪላንድም በተለይ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ክፉኛ ተጎድቷል። በዚያ ጊዜ ቤታቸውን ያጡ ወገኖቻችን ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ጥርጣሬያቸውን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ሆኖም እነዚያን ሰዎች ለችግር የዳረጋቸው ከፍ ባለ ዋጋ መግዛታቸው ብቻ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወለዱ በሚዘል ብድር የገቡት፣ ገቢያቸው ሳይጣራ ከአቅማቸው በላይ የተበደሩት፣ ሥራቸውን ያጡትና በግድ መሸጥ የነበረባቸው ናቸው የተጎዱት። ክፍያው ከገቢው ጋር የሚመጣጠን፣ ወለዱም ቋሚ የሆነለት ሰው በዚያው ቤት ውስጥ እየኖረ ዋጋው ሲመለስ አየ፤ የአገሪቱ መለኪያ በ2016 መጨረሻ የቀድሞውን ከፍታ አልፏል።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች ስለምን እናመነታለን? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ተቨርስኪ በ1979 ባወጡት ጥናት፣ ሰው አንድን ነገር ሲያጣ የሚሰማው ሕመም ያንኑ ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። በቤት ግዢ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። ገዝተን ዋጋው ቢወርድ ራሳችንን እንወቅሳለን፤ ጠብቀን ዋጋው ቢወጣ ግን ገበያውን እንወቅሳለን። ስለዚህ መጠበቁ ከጸጸት ይሰውረናል። በየወሩ የሚከፈለው ኪራይ፣ ልጆቹ የሚያድጉበት ጠባብ ክፍል፣ ሳይጀመር የሚዘገየው የ30 ዓመት ክፍያ በመጠበቁ ዓምድ ሥር ስለማይጻፍ፣ መጠበቅ ነጻ ይመስላል። የቤት ዋጋው መለኪያ በስማቸው የሚጠራው የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ካርል ኬዝና ሮበርት ሺለር በ1988ና በ2003 ቤት ገዢዎችን ሲጠይቁም፣ ሰዎች ስለ መጪው ዋጋ የሚገምቱት በቅርቡ ያዩትን ወደፊት በመዘርጋት እንደሆነ አግኝተዋል። ሲወጣ የቆየው ለዘላለም የሚወጣ፣ ሲወርድ የቆየውም የሚወርድ ይመስለናል።

ስለዚህ በእኛ ፍርድ፣ የእናንተ ሁኔታ ቤት መፈለግ ለመጀመር በቂ ነው፤ በዚህ እርስዎ ትክክል ነዎት። ባለቤትዎ የያዙት ጥንቃቄ ግን ከእርስዎ ጉጉት ያልተናነሰ ዋጋ አለው፤ የተተከለበት ቦታ ብቻ ይቀየር። «5 በመቶ ሲገባ» የሚለውን ገደብ ትታችሁ፣ «ግብርና ኢንሹራንስ ተጨምሮ በወር ከዚህ በላይ አንከፍልም» የሚል ገደብ አብራችሁ ጻፉ። ከዚያ ለስድስት ወር ያህል፣ አሁን በምትከፍሉት ኪራይና በዚያ ክፍያ መካከል ያለውን ልዩነት በየወሩ ወደ ቁጠባ አስገቡ። ሳትቸገሩ ከዘለቃችሁ አቅማችሁ በተግባር ተረጋግጧል፤ ቅድመ ክፍያውም አድጓል። ከተቸገራችሁ ደግሞ ማንም ወኪል ወይም ባንክ የማይነግራችሁን በጊዜ ዐውቃችኋል።

ገበያው ቀዝቀዝ ባለበት ወቅት የምታገኙት መብትም አለ። ምርመራ ታስደርጋላችሁ፤ የተገኘውን ጉድለት ሻጩ እንዲያስጠግን ትጠይቃላችሁ፤ ሻጩ ከውል ማጠናቀቂያው ወጪ የተወሰነውን እንዲሸፍን ወይም ወለዱን ለማስቀነስ ለባንኩ እንዲከፍል ትደራደራላችሁ። በፀደይ (ከማርች እስከ ሜይ) ብዙ ቤት ለሽያጭ ይወጣል፤ ገዢውም ያኔ ይበዛል። በዲሴምበርና በጃንዋሪ ምርጫው ያንሳል፤ ቤቱን ያኔ ለገበያ ያወጣ ሻጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጥበት ምክንያት ያለው ነው። ጊዜ መምረጥ ካስፈለገ፣ ከዓመታት ይልቅ በወራት ደረጃ ያለው ይህ ምርጫ ይበልጥ ይታመናል።

ጥያቄ፦ በሴፕቴምበር 2024 ፌደራል ሪዘርቭ ወለድ ቀነሰ ተብሎ በዜና ስሰማ፣ «ደረሰ» ብዬ ጥቂት ወራት ታገሥኩ። ከዚያ የቤት ብድር ወለድ ጭራሽ ጨመረ። ተሳስቼ ነው ወይስ ተታልዬ? የወደፊቱን የፌደራል ሪዘርቭ ስብሰባ መጠበቅስ ይጠቅመኛል? (ከፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ማንም አላታለለዎትም፤ ሁለት የተለያዩ ወለዶች በዜናው ውስጥ በአንድ ስም ስለተጠሩ ነው። ፌደራል ሪዘርቭ የሚወስነው ባንኮች እርስ በርስ ለአንድ ሌሊት የሚበዳደሩበትን ወለድ ነው። የክሬዲት ካርድና ወለዱ የሚለዋወጥ ብድር ይህን በቅርብ ይከተላሉ። የ30 ዓመት የቤት ብድር ግን ለረጅም ዓመታት የታሰረ ገንዘብ በመሆኑ፣ በቅርብ የሚከተለው የመንግሥትን የ10 ዓመት ቦንድ ነው። የዚያ ቦንድ ገዢዎች ደግሞ የሚያስቡት ስለ ዛሬው ስብሰባ ሳይሆን ስለሚቀጥሉት ዓመታት የዋጋ ንረትና የመንግሥት ብድር ነው። ስብሰባው ከመድረሱ በፊት የሚወሰነውን ይገምታሉ፤ ግምታቸውም በወለዱ ውስጥ አስቀድሞ ይገባል።

እርስዎ ያዩት ይህንኑ ነው። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2024 ፌደራል ሪዘርቭ ወለዱን በግማሽ የመቶኛ ነጥብ ቀነሰ። የፍሬዲ ማክ አማካይ ከውሳኔው በፊት በነበሩት ወራት ሲወርድ ቆይቶ፣ ከውሳኔው ቀጥሎ ባለው ሳምንት 6.08 በመቶ ደረሰ፤ የዚያ ዓመት ታችኛው ነጥብም እሱ ሆነ። ፌደራል ሪዘርቭ በኖቬምበርና በዲሴምበር በየጊዜው ተጨማሪ ሩብ ነጥብ ቀነሰ፤ የቤት ብድር ወለድ ግን በጃንዋሪ 2025 አጋማሽ 7.04 በመቶ ሆነ። የምሥራቹ በዜና ሲነገር ዋጋው ቀድሞ ተከፍሎበት ነበር። በስብሰባ ቀን መቁጠሪያ የሚጠብቅ ገዢ ሁልጊዜ ከቦንድ ገበያው ኋላ ነው፤ ስለዚህ ስብሰባውን መጠበቅ አይጠቅምዎትም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። «አሁን በከፍተኛ ወለድ ግባ፣ ሲወርድ ብድሩን ትቀይራለህ» የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። ብድሩን መቀየር መቻሉ እውነት ነው። ሆኖም ሪፋይናንስ አዲስ ብድር ነው፤ ያኔም ሥራ፣ በቂ ክሬዲትና በቂ የቤት ዋጋ መኖር አለበት፤ ወጪውም በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። በ2022 መጨረሻና በ2023 «በዓመቱ ይወርዳል» ተብለው የገቡ ብዙዎች ከዓመት በኋላም ያንኑ ክፍያ ሲከፍሉ ነበር። ወለዱ ቢወርድ እንደ ጭማሪ በረከት ይቁጠሩት፤ ዛሬ የሚፈርሙት ክፍያ ግን ለ30 ዓመት ባይለወጥም የሚችሉት ይሁን።

ጥያቄ፦ በአሌክሳንድሪያ የምኖር የኡበርና የሊፍት አሽከርካሪ ነኝ። ዋጋው እስኪረጋጋ እየጠበቅሁ ነው። በመሃሉም በወዳጆች መካከል የያዝኩት 30,000 ዶላር የሚደርስ ዕቁብ አለኝ፤ ሲወጣልኝ ለቅድመ ክፍያ አደርገዋለሁ። ዕቁቡ እስኪወጣ ገበያውም ይስተካከል ይሆናል። ሐሳቤ ደህና ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ዕቁብ ይዞ መቆጠብዎ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን እርስዎ ገበያውን እየጠበቁ ሳለ፣ ገበያው ቢስተካከል እንኳ ብድሩን የሚያስከለክሉ ሁለት ነገሮች በእጅዎ እንዳሉ ልንነግርዎ ይገባል። ሁለቱም የሚስተካከሉ ናቸው፤ ጊዜ ግን ይፈልጋሉ፤ መጀመር ያለባቸውም ዛሬ ነው።

የመጀመሪያው ዕቁቡ ነው። አበዳሪዎች ብዙውን ጊዜ የቅርብ ሁለት ወር የባንክ መግለጫ ይጠይቃሉ፤ ከገቢዎ ጋር የማይመጣጠን ትልቅ ገንዘብ በድንገት ገብቶ ሲያዩ ምንጩን በማስረጃ እንዲያሳዩ ይጠይቁዎታል፤ ካላሳዩ ያን ገንዘብ ከስሌቱ ያወጡታል። በጥሬ ገንዘብ የተሰበሰበና በጥሬ ገንዘብ የወጣ ዕቁብ እዚህ ላይ ሲወድቅ ይታያል። ብዙዎች የማያውቁት ግን፣ እንደ ፍሬዲ ማክ የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ፋኒ ሜይ ለአበዳሪዎች ባወጣው መመሪያ ውስጥ እንደ ዕቁብ ያለ የማኅበረሰብ የጋራ ቁጠባ ለቅድመ ክፍያ ተቀባይነት እንዳለው በግልጽ መጻፉን ነው። የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፤ የዕቁቡ ሰብሳቢ በጽሑፍ የሚሰጡት ማረጋገጫ፣ እና እርስዎ በየጊዜው መክፈልዎን የሚያሳይ ማስረጃ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ መዋጮዎን በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር ይክፈሉ፤ ሰብሳቢዎም የአባላቱን ዝርዝርና የተከፈለውን በጽሑፍ እንዲይዙ ይጠይቁ። በተጨማሪም፣ ዕጣው ቀድሞ ከወጣልዎ ቀሪው መዋጮ በአበዳሪው ዓይን እንደ ዕዳ ተቆጥሮ በወርኃዊ ግዴታዎ ውስጥ ይገባል። በዚህ ምክንያት መጨረሻ አካባቢ የሚደርስ ዕጣ ለቤት ገዢ ይሻላል፤ በዕቁቡ ውስጥ ለሠርግ ወይም ለመኪና የቸኮለ አባል ካለ መለዋወጡ ሁለታችሁንም ይጠቅማል።

ሁለተኛው የግብር ወረቀትዎ ነው። እንደ እርስዎ በግሉ የሚሠራ ሰው ሲበደር፣ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት የግብር ማመልከቻ አይቶ የሚያሰላው ወጪ ተቀንሶ የቀረውን የተጣራ ገቢ ነው። ለምሳሌ በ2024 80,000 ዶላር አስገብተው 50,000 ማይል ለሥራ ነድተው ከሆነ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ ለዚያ ዓመት በፈቀደው የ67 ሳንቲም የማይል ተመን 33,500 ዶላር ይቀነስልዎታል፤ ሌሎቹን ወጪዎች ትተን፣ የቀረው 46,500 ነው። ለግብር ያስደሰተን ቁጥር ለብድር ያሳዝነናል። ሆኖም ከዚያ 67 ሳንቲም ውስጥ 30 ሳንቲሙ የመኪና እርጅና ነውና አበዳሪው መልሶ ሊደምርልዎ ይችላል፤ በዚህ ምሳሌ 15,000 ዶላር ተደምሮ የሚቆጠረው ገቢ 61,500 ይሆናል። አበዳሪዎን «የማይል እርጅናውን ደምራችኋል ወይ?» ብለው መጠየቅ አይርሱ። ወጪን በሐሰት መቀነስም መጨመርም ሕግ መጣስ ነው፤ የምንመክረው ማይሉን በትክክል መመዝገብና፣ ሊገዙ ካሰቡበት ጊዜ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከሒሳብ ባለሙያዎ ጋር ስለ ብድሩ መነጋገር ነው።

30,000 ዶላር ሙሉ በሙሉ እስኪሞላ መጠበቅ ያስፈልግ እንደሆነም እንደገና ያስቡበት። 20 በመቶ ቅድመ ክፍያ ግዴታ ነው የሚለው እምነት ብዙ ሰው ያለ ምክንያት አዘግይቷል። በፌደራሉ የቤቶች አስተዳደር (ኤፍ ኤች ኤ) ዋስትና የሚሰጥ ብድር፣ የክሬዲት ነጥባቸው 580 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች በ3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይፈቀዳል፤ በመደበኛው ብድርም ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢ 3 በመቶ የሚቀበሉ ፕሮግራሞች አሉ። አነስተኛ ቅድመ ክፍያ የብድር ኢንሹራንስ ያስከትላል፤ በመደበኛው ብድር ዕዳው ከቤቱ የመጀመሪያ ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ እንዲነሣ መጠየቅ ይችላሉ፣ በክፍያው ሠሌዳ 78 በመቶ ሲደርስም አበዳሪው ራሱ ማንሣት አለበት። የኤፍ ኤች ኤው ኢንሹራንስ ግን በ3.5 በመቶ ለገባ ሰው ብድሩ እስኪያልቅ ይቀጥላል። የግዛቱ የቤት ብድር ተቋም ቨርጂኒያ ሃውሲንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢዎች የቅድመ ክፍያ ድጋፍ አለው፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት የራሱ መኖሪያ ቤት ያልነበረው ሰው በአብዛኛው የመጀመሪያ ጊዜ ገዢ ይባላል፤ ስለዚህ ከዚህ ቀደም ቤት የነበራቸውም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በሃያትስቪል የምኖር፣ ልጄን ብቻዬን የማሳድግ እናት ነኝ። የምሠራው ለፌደራል መንግሥት አገልግሎት በሚሰጥ ኮንትራክተር ውስጥ ነው። በ2025 ከተደረገው ቅነሳ ወዲህ የእኛም ኮንትራት ይታደስ አይታደስ አልታወቀም። ቅድመ ክፍያው አለኝ፤ ጓደኞቼ «ፍርሃት ነው፣ ግቢ» ይሉኛል። ስለማመነታ ራሴን እየወቀስኩ ነው።

መልስ፦ እህታችን፣ ራስዎን አይውቀሱ። እርስዎ የሚጠብቁት ገበያውን አይደለም፤ የእንጀራዎን ነገር እስኪያውቁ ነው የሚጠብቁት። ይህን መጠበቅ በሙሉ ልብ እንደግፋለን። በአንድ ደመወዝ የሚተዳደር ቤት፣ ያ ደመወዝ ሲጠራጠር የ30 ዓመት ግዴታ መፈረም የለበትም። ወለዱ በግማሽ ነጥብ ቢያመልጥዎ ወርኃዊ ክፍያዎ የተወሰነ ይጨምራል፤ ሥራው ቢቋረጥ ግን ከሚያጡት ነገር ጋር አይወዳደርም። ጓደኞችዎ ያላሰቡት ሌላም ጉዳይ አለ። አበዳሪው ፊርማው ከመፈጸሙ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ለአሠሪዎ ደውሎ ሥራ ላይ መሆንዎን ያጣራል። በመሃሉ ሥራው ቢቀር ብድሩ ይቆማል፤ ብድር ካልተገኘ ከውሉ ለመውጣት የሚያስችለው አንቀጽ ጊዜው አልፎ ከሆነም ያስያዙት ገንዘብ ሊቀር ይችላል።

እስከዚያ ቅድመ ክፍያውን ከአክሲዮን ገበያ አርቀው በመንግሥት ዋስትና ባለው የቁጠባ ሂሳብ ያስቀምጡት። ከእሱ የተለየ፣ ቢያንስ የስድስት ወር ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ይኑርዎ፤ ቅድመ ክፍያውንና ይህን አንድ አድርገው አይቁጠሩ። በአሜሪካ የቤቶች ሚኒስቴር ፈቃድ ያላቸው የቤት ገዢዎች አማካሪ ድርጅቶች በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ያማክራሉ፤ የሜሪላንድ ሞርጌጅ ፕሮግራምም የቅድመ ክፍያ ድጋፍ ሲሰጥ የገዢዎች ትምህርት ስለሚጠይቅ፣ ትምህርቱን በዚህ ጊዜ መጨረስ ይችላሉ። የኪራይ ውልዎ የሚያልቅበት ቀን ሲቀርብ፣ ሙሉ ዓመት ከመፈረምዎ በፊት አከራይዎን ለስድስት ወር ወይም በየወሩ የሚታደስ ውል ይጠይቁ፤ ኪራዩ በጥቂት ዶላር ቢበልጥ እንኳ፣ ኮንትራቱ የታደሰ ዕለት የውል ማፍረሻ ሳይከፍሉ ቤት መፈለግ ለመጀመር ያስችልዎታል።